በወረርሽኝ ጊዜ የስልክ መሣሪያና የሕዝብ አመኔታ

መግቢያ

ኮቪድ 19 የተባለው በሽታ ዓለምን ባጥለቀለቀበት በ2020 እና በ2021 የብዙ አገሮች መንግሥታት ከአፍ መሸፈኛ፣ ከሳሙናና ከክትባት ሌላ አንድ አዲስ መሣሪያ ለሕዝብ አቅርበው ነበር። መሣሪያው በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሲሆን በተለምዶ መተግበሪያ ወይም አፕ ይባላል። ተግባሩም አንድ ሰው በበሽታው ከተያዘ ሰው አጠገብ ቆይቶ እንደሆነ ፈጥኖ ማስጠንቀቅ ነበር። በአንዳንድ አገሮች ሕዝቡ መሣሪያውን በሚሊዮን ቁጥር ተቀበለው፤ በሌሎች ናቀው ወይም ፈራው፤ ከተቀበለው በኋላ መልሶ የጣለውም ነበር። መሣሪያው በሁሉም ዘንድ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አቀባበሉ ይህን ያህል የተለያየው ለምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ መመርመር ነው። መልሱ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ሕዝብ የሚመዝነው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የያዘውንም እጅ ነው የሚል ይሆናል። ጉዳዩ ለመምህራንና ለተማሪዎች ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤትም የሰው መረጃ የሚሰበስብ ተቋም ስለሆነ፣ ከሌሎች አገሮች የተገኘው ትምህርት እኛንም ይመለከተናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ወራትና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ እንዲል እናሳስባለን።

1. ንክኪ ያላቸውን ሰዎች መፈለግ አዲስ ነገር አይደለም

በተላላፊ በሽታ የተያዘ ሰው ሲገኝ ከማን ጋር እንደ ዋለና እንደ አደረ ጠይቆ፣ እነዚያን ሰዎች ፈልጎ ማግኘትና መከታተል የቆየ የጤና ጥበቃ ዘዴ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ ፈንጣጣ ነው። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1971 ተጀምሮ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነበር። የዘመቻው ሠራተኞች በእግር፣ በበቅሎና በሄሊኮፕተር እየተዘዋወሩ፣ የሕመምተኛ ፎቶግራፍ የታተመበትን ካርድ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እያሳዩ፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ያየ ሰው እንዳለ ይጠይቁ ነበር። ተማሪዎችም በየቀበሌያቸው ያለውን ስለሚያውቁ ጥሩ ምንጮች ነበሩ።

በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው በጥቅምት 1977 በሶማሊያ በመርካ ከተማ የተገኘው የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ዓሊ ማው ማሊን ነበር። ከእርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው 161 ሰዎች ተፈልገው ክትትል ተደረገባቸው፤ በሽታውም እዚያው ላይ ቆመ። ዓሊ በሆስፒታል እየሠራ ክትባቱን ፈርቶ ሳይከተብ የቆየ ሰው ነበር። በኋላ ግን ይህንኑ ታሪኩን ለወላጆች እየነገረ ልጆቻቸውን የፖሊዮ ክትባት እንዲያስከትቡ ሲያግባባ ኖሮ፣ በ2013 በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለ አረፈ።

በዚያ ዘመን ጠያቂው ፊቱ የሚታይ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ቡና ላይ ተቀምጦ የሚያነጋግር ሰው ነበር። የሚጠየቀውም ሰው ጠያቂውን ዐይቶ ለማመን ወይም ላለማመን ይችል ነበር። ኮቪድ 19 ግን የያዘው ሰው ሕመሙ ሳይሰማው ለሌላ የሚያስተላልፈው፣ በአውቶቡስና በገበያ ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች መካከል የሚዛመት በሽታ ነው። የሕመምተኛው ትውስታና የጤና ሠራተኛው እግር አልደርስበት አሉ። ሥራው ወደ ስልክ የተሻገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

2. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ስማርት ስልኮች ብሉቱዝ የሚባል፣ ሩቅ የማይሄድ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ የመላክና የመቀበል ችሎታ አላቸው። መተግበሪያው የተጫነባቸው ሁለት ስልኮች ሲቀራረቡ አንዱ ለሌላው ረጅም ቁጥር ይልካል፤ የተላከለትንም ይመዘግባል። ቁጥሩ ስም ወይም አድራሻ አይደለም፤ በየጊዜውም ይለዋወጣል። ስልኩ የሞገዱን ጥንካሬ ለክቶ፣ ሌላው ስልክ በምን ያህል ርቀት ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ ይገምታል። ይህ ግምት እንጂ ልክ አይደለም። የሰው ገላ ሞገዱን ስለሚያዳክመው፣ በኪስ ያለ ስልክ ካለበት ቦታ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በስስ ግድግዳ የተለያዩ ሁለት ጎረቤታሞች አብረው እንደ ተቀመጡ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

አንድ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት በምርመራ ሲረጋገጥ፣ የተመዘገቡት ቁጥሮች በሁለት ዓይነት መንገድ ሥራ ላይ ይውላሉ።

ሀ. በማእከል የሚሰበሰብበት ዘዴ፤ በዚህ ዘዴ የታመመው ሰው ስልክ ያጠራቀማቸው ቁጥሮች በሙሉ ወደ አንድ የመንግሥት ኮምፒዩተር ይላካሉ። የቁጥሮቹን ባለቤቶች ማእከሉ ለይቶ ስለሚያውቅ ማን ከማን ጋር እንደ ተገናኘ ለማየት ይችላል። ሲንጋፖር፣ አውስትራሊያና ፈረንሳይ በዚህ መንገድ ሄደዋል።

ለ. በየስልኩ የሚቀርበት ዘዴ፤ በዚህኛው ዘዴ ከታመመው ሰው ስልክ የሚወጡት ያ ስልክ ራሱ ሲልካቸው የነበሩት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። የሌሎች ሰዎች ስልኮች እነዚህን ቁጥሮች ተቀብለው፣ እያንዳንዱ በገዛ መዝገቡ ውስጥ ካሉት ጋር ያስተያያል፤ ተመሳሳይ ቁጥር ሲያገኝም ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ማን ከማን ጋር እንደ ዋለ የሚያውቅ ማእከል የለም። አፕል እና ጉግል የተባሉት ኩባንያዎች በሚያዝያ 2020 በጋራ ያስታወቁት ዘዴ ይህ ሲሆን፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድ፣ ቆይታም እንግሊዝ ተጠቅመውበታል።

ሁለቱም ዘዴዎች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። የመጀመሪያው የበሽታውን አካሄድ ለጤና ሠራተኛው በይበልጥ ያሳያል፤ ሁለተኛው ደግሞ የግለሰቡን ምስጢር በይበልጥ ይጠብቃል። ክርክሩም የተነሣው በጎ አሳቢዎችና ክፉ አሳቢዎች ስለተጋጩ ሳይሆን፣ ሁለት መልካም ነገሮች ስለተሻሙ ነው።

3. የተጠቃሚው ብዛት ለምን ያስፈልጋል?

ይህ መሣሪያ አንድ ሰው ለብቻው ቢይዘው ምንም አይጠቅመውም። የሚሠራው የተገናኙት ሁለቱም ሰዎች ሲኖራቸው ነው። የሒሳብ መምህራን ይህን በዕድል ስሌት በቀላሉ ሊያስረዱት ይችላሉ። ከሕዝቡ 20 በመቶው ብቻ መሣሪያው ካለው፣ በአጋጣሚ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ያላቸው የመሆኑ ዕድል 0.2 ሲበዛ በ0.2 ነው፤ ይኸውም 4 በመቶ ብቻ ይሆናል። ግማሹ ሕዝብ ካለው 25 በመቶ፣ 80 በመቶው ካለው ደግሞ 64 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የተጠቃሚው ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር የመሣሪያው ጉልበት በአራት እጥፍ ይጨምራል ማለት ነው።

በ2020 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሕዝቡ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ቢጠቀምበት ወረርሽኙን ለመግታት እንደሚቻል በስሌት አሳይተው ነበር። ጋዜጦች ግን ይህን «ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ዋጋ የለውም» እንደ ማለት አድርገው ጻፉት። ተመራማሪዎቹ በአነስተኛ ቁጥርም ጥቅም እንዳለው ደጋግመው ቢናገሩም፣ ወሬው ቀድሞ በመሰራጨቱ ብዙ ሰው «ሌላው ካልጫነው እኔ ለምን እጭናለሁ?» ለማለት በቃ። ቁጥር በትክክል አለመነበቡ የሕዝብን ስሜት ምን ያህል እንደሚያዛባ ከዚህ እንረዳለን።

4. ሲንጋፖር፦ ቃል ሲሰበር

ሲንጋፖር ትሬስ ቱጌዘር የተባለውን መተግበሪያ በመጋቢት 2020 ሥራ ላይ ስታውል በዓለም ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች። ስማርት ስልክ ለሌላቸውና ለአረጋውያን በአንገት ወይም በኪስ የሚያዝ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተሰጣቸው። ይህ ዕቅድ በሰኔ 2020 በተነገረ ጊዜ በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። መንግሥት ለዚህ በሰጠው መልስ መሣሪያው የሰውን አካሄድ መከታተያ እንዳልሆነ፣ የሚሰበሰበውም መረጃ በበሽታው የተነካኩትን ሰዎች ለመፈለግ ብቻ እንደሚውል አረጋገጠ። በዓመቱ መጨረሻ ከነዋሪው ከ70 በመቶ በላይ ተጠቃሚ ሆነ።

ነገር ግን በጥር 4 ቀን 2021 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ ዴዝሞንድ ታን በፓርላማ ለቀረበላቸው ጥያቄ ሲመልሱ፣ ፖሊስ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይህን መረጃ ለመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው ገለጹ። ከዚያም ቀደም ሲል በአንድ የነፍስ ግድያ ምርመራ መረጃው ተጠይቆ እንደ ነበር ታወቀ። ቃሉን ለሕዝብ የሰጡት ሚኒስትር ቪቪያን ባላክሪሽናን፣ ቃሉን ሲሰጡ የተጠቀሰውን ሕግ እንዳላሰቡት አምነው፣ ኃላፊነቱን እንደሚወስዱና እንዳዘኑ ለፓርላማው ተናገሩ።

እዚህ ላይ የነገሩን ክብደት አስተውለን መመልከት ይገባናል። ነፍሰ ገዳይን መያዝ መልካም ሥራ ነው፤ ብዙው የሲንጋፖር ሰውም ይህን አልተቃወመም። ቅሬታው የነበረው ሌላ ላይ ነው። ሕዝቡ መረጃውን የሰጠው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እንደሚባለው፣ ጉዳቱ የደረሰው ከተናቀው ወገን ሳይሆን ከታመነው ወገን ነው። በየካቲት 2021 ፖሊስ መረጃውን ሊጠይቅ የሚችለው ለሰባት ዓይነት ከባድ ወንጀሎች ብቻ እንዲሆን አዲስ ሕግ ወጣ፤ ከእነዚህም መካከል ሽብር፣ ግድያና የሰው ጠለፋ ይገኛሉ። ይህ ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ቅሬታው ባልተነሣ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከግንቦት 2021 ጀምሮ ወደ ገበያና ወደ ሥራ ቦታ ለመግባት መሣሪያውን መያዝ ግዴታ ሆነ፤ የተጠቃሚውም ቁጥር ይበልጥ ከፍ አለ። ይሁን እንጂ ግዴታ በሆነበት ቦታ የተጠቃሚ ቁጥር የአመኔታ ሚዛን ሊሆን አይችልም። ሰው መሣሪያውን ይዞ በልቡ ሊጠራጠረው ይችላልና። መሣሪያው በየካቲት 2023 ሥራውን ሲያቆም፣ ከአንድ የነፍስ ግድያ ጉዳይ ጋር ከተያያዘው በስተቀር የተከማቸው መረጃ እንደ ተደመሰሰ ተገለጸ።

5. ጀርመንና ኖርዌይ፦ ትችትን መስማት

የጀርመን መንግሥትም በመጀመሪያ ያሰበው መረጃ በማእከል የሚሰበሰብበትን ዘዴ ነበር። በሚያዝያ 2020 ወደ ሦስት መቶ የሚሆኑ ከብዙ አገሮች የመጡ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁራን በግልጽ ደብዳቤ ተቃወሙት። መንግሥት በዚያው ወር ሐሳቡን ለውጦ መረጃው በየስልኩ የሚቀርበትን ዘዴ መረጠ። የፕሮግራሙም አጻጻፍ ማንም ባለሙያ አንብቦ እንዲመረምረው በይፋ ታተመ። መተግበሪያው በሰኔ 16 ቀን 2020 ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከስድስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ በስልኮች ላይ ተጫነ። አብዛኛው ሰው የፕሮግራም ጽሑፍ ማንበብ እንደማይችል ግልጽ ነው። ይሁንና ለማንበብ የሚችሉ፣ ቀድሞም ሲተቹ የነበሩ ሰዎች አይተውት ከባድ ነቀፋ አለማቅረባቸው ለሌላው ዋስትና ሆነው።

በዚያው በጀርመን ግን ተቃራኒ ምሳሌም አለ። ሉካ የሚባል፣ በምግብ ቤቶች የእንግዳ መዝገብን የሚተካ የግል ኩባንያ መተግበሪያ ነበር። በ2021 መጨረሻ በማይንትስ ከተማ አንድ ሰው ከምግብ ቤት ሲወጣ ወድቆ በመሞቱ፣ ፖሊስ ምስክር ለመፈለግ የዚያን ምሽት እንግዶች ዝርዝር በጤና መሥሪያ ቤቱ በኩል አገኘ፤ ይህም በሕግ የተከለከለ ነበር። ነገሩ በጥር 2022 ሲገለጥ ዐቃቤ ሕጉ ይቅርታ ጠየቀ፤ ብዙ ሰዎችም መተግበሪያውን ከስልካቸው እንዲያጠፉ ጥሪ ቀረበ። የተጠየቁት ምስክሮች 21 ብቻ ነበሩ፤ የተጎዳው አመኔታ ግን የሚሊዮኖች ነበር።

ኖርዌይ ደግሞ በሚያዝያ 2020 ያወጣችው መተግበሪያ የንክኪን መዝገብ ብቻ ሳይሆን ሰው የሚሄድበትን ቦታ ጭምር በማእከል ይሰበስብ ነበር። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሰኔ ወር፣ በአገሪቱ የነበረው ሕመምተኛ ጥቂት ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መረጃ መሰብሰብ ተመጣጣኝ አይደለም ሲል አስጠነቀቀ። የጤና ተቋሙ በውሳኔው ባይስማማም ሥራውን አቁሞ የተሰበሰበውን መረጃ ደመሰሰ፤ በታኅሣሥ 2020 ደግሞ መረጃው በየስልኩ የሚቀርበትን አዲስ መተግበሪያ አወጣ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት «ቁም» ለማለት ሥልጣን ያለው መሆኑ፣ ራሱ ለሕዝቡ ዋስትና ነው።

6. አመኔታ ብቻውን በቂ ነውን?

ከላይ የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ አመኔታ ካለ ሁሉ ነገር ይሳካል ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። አውስትራሊያ በሚያዝያ 2020 መተግበሪያዋን ስታወጣ መረጃውን ለሌላ ጉዳይ ማዋል ወንጀል መሆኑን የሚደነግግ ሕግ ወዲያው አወጣች። ሕዝቡም በሚሊዮን ቁጥር ተመዘገበ። ነገር ግን መሣሪያው በተለይ በአንዳንድ የስልክ ዓይነቶች ላይ በሚገባ አልሠራም። በነሐሴ 2022 ሲዘጋ የጤና ሚኒስትሩ እንዳስታወቁት፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ የአውስትራሊያ ዶላር ወጥቶበት፣ በሰው ፍለጋ ያልተገኙና በእርሱ ብቻ የተገኙት ሕመምተኞች ሁለት ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ አመኔታውን ሰጠ፤ የተሰጠው መሣሪያ ግን ለአመኔታው የሚመጥን አልነበረም።

በፈረንሳይ በሰኔ 2020 የወጣው መተግበሪያ እስከ ነሐሴ ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ቢጫንም የላከው ማስጠንቀቂያ 72 ብቻ ነበር። በመስከረም ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዣን ካስቴክስ ራሳቸው እንዳልጫኑት በቴሌቪዥን ተናገሩ። መምህር ያላነበበውን መጽሐፍ ተማሪ እንዲያነበው ቢያዝ ውጤቱ ምን እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች፣ ይህ ንግግር በሕዝቡ ላይ ያሳደረውን ስሜት ለመገመት አያዳግተንም። መተግበሪያው በጥቅምት ወር ስሙና ይዘቱ ተለውጦ እንደገና ወጣ።

በእንግሊዝና በዌልስ በመስከረም 2020 የወጣው መተግበሪያ ግን ውጤት አሳይቷል። በ2023 የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች ከመያዝ፣ ወደ 9,600 የሚሆኑትም ከመሞት ድነዋል። ይሁንና በሐምሌ 2021 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች «ቤታችሁ ቆዩ» የሚል መልእክት ሲደርሳቸው ፋብሪካዎችና ሱቆች ሠራተኛ አጡ፤ ብዙ ሰዎችም መተግበሪያውን አጠፉት። እነዚህ ሰዎች የፈሩት የምስጢር መውጣትን አልነበረም። የቀን ገቢያቸውን ማጣት ነው ያስጨነቃቸው። ስለዚህ በቤቱ የሚቆየው ሰው የሚበላው ከሌለ፣ የትኛውም የተራቀቀ መሣሪያ እንዲታዘዝ አያደርገውም።

7. ኮሪያ፦ በሽታን የሚያስደብቀው ምንድን ነው?

በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አባባሉ እውነት ቢሆንም የሚወቅሰው ደባቂውን ብቻ ነው። ሰው በሽታውን የሚደብቀው ለምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ደቡብ ኮሪያ በግንቦት 2020 የደረሰባት ነገር ይመልስልናል።

የኮሪያ መንግሥት ከ2015 የሜርስ ወረርሽኝ በኋላ ባሻሻለው ሕግ መሠረት፣ የሕመምተኛውን አካሄድ ከስልክ፣ ከባንክ ካርድና ከመንገድ ካሜራ ለማወቅ ሥልጣን ነበረው። የሕመምተኞቹ ስም ባይጠራም ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና የዋሉበት ቦታ ለሕዝብ ይገለጥ ነበር። በግንቦት ወር በሴኡል ኢቴዎን በተባለው ሰፈር፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሚያዘወትሯቸው የምሽት ክበቦች በሽታው ተከሠተ። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ማንነታቸው ቢታወቅ ከሥራና ከቤተሰብ እንገለላለን ብለው ስለ ፈሩ ስልካቸውን አላነሱም፤ ለምርመራም አልቀረቡም። ይህን ያህል ኃይል ያለው የመከታተያ ዘዴ በፍርሃት ፊት ቆመ። የሴኡል ከተማ አስተዳደርም ስም ሳይጠየቅ የስልክ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶ መመርመር እንዲቻል ባደረገ ጊዜ፣ ለምርመራ የሚመጣው ሰው ቁጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ እጥፍ ጨመረ።

ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር አለ። ሰው በሽታውን የሚደብቀው ከበሽታው ይልቅ መዝገቡን ሲፈራ ነው። መዝገቡ የማያስፈራ ሲሆን በሽታው ራሱ ወደ ብርሃን ይወጣል። ስለዚህ የሰውን ምስጢር መጠበቅ የጤና ጥበቃ እንቅፋት ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ የጤና ጥበቃው አንዱ ክፍል ነው።

8. መሠረት ያለው ሥጋትና መሠረት የሌለው ወሬ

በወረርሽኙ ዘመን የተነሣው ፍርሃት ሁሉ ግን ተገቢ ነበር ማለት አይደለም። በሚያዝያ 2020 በብሪታንያ ፋይቭ ጂ የተባለው አዲሱ የስልክ ሞገድ ቫይረሱን ያሰራጫል በሚል ወሬ በዐሥር የሚቆጠሩ የስልክ ማማዎች ተቃጠሉ፤ የስልክ ሠራተኞችም በመንገድ ላይ ተሰደቡ። የፊዚክስ መምህር ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስረዳው ይችላል። የሬዲዮ ሞገድ ጉልበትን እንጂ ቁስ አካልን አያጓጉዝም፤ ቫይረስ ደግሞ ቁስ አካል ስለሆነ በሞገድ ላይ ሊጓዝ አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅትም በሽታው ፋይቭ ጂ ባልገባባቸው ብዙ አገሮች መሰራጨቱን በማስረጃነት ጠቅሷል።

በሁለቱ ዓይነት ፍርሃቶች መካከል ያለውን ልዩነት ተማሪዎች እንዲያውቁት ያስፈልጋል። «የሰጠሁት መረጃ ለፖሊስ ይደርሳል ወይ?» የሚለው ሥጋት ሕግ ተነብቦ፣ ፕሮግራም ተመርምሮ፣ ባለሥልጣን ተጠይቆ እውነትነቱ ወይም ሐሰትነቱ ሊረጋገጥ ይችላል። የማማው ወሬ ግን ተፈትሾ ከወደቀ በኋላም መናፈሱን ቀጠለ። የመጀመሪያውን ዓይነት ጠያቂ «ኋላ ቀር» ብሎ መሳለቅ፣ ጥያቄው ሳይመለስ ሰውየውን ወደ ሁለተኛው ወገን መግፋት ይሆናል።

9. ይህ ነገር ትምህርት ቤትን እንዴት ይመለከታል?

በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በኢትዮጵያ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አድማጩን አይመዘግብም። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ተማሪዎች በኮምፒዩተርና በስልክ ፕሮግራሞች እንዲማሩ ተደረገ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በ49 አገሮች ሥራ ላይ የዋሉትን እንዲህ ያሉ የትምህርት ፕሮግራሞች መርምሮ በግንቦት 2022 ባወጣው ዘገባ፣ አብዛኞቹ የሕፃናቱን መረጃ በሚጎዳቸው ወይም ለአደጋ በሚያጋልጣቸው ሁኔታ ይይዙ እንደ ነበር ገልጿል። ፕሮግራሞቹን የመረጡት በአብዛኛው መንግሥታት ሲሆኑ፣ ተማሪውና ወላጁ እምቢ ለማለት ምርጫ አልነበራቸውም።

በአካባቢያችን ኬንያ በ2019፣ ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል። ሕግ መውጣቱ መልካም ቢሆንም ሕጉን በየቀኑ የሚፈጽመው በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሰው ነው። መምህሩም የስም መጥሪያ፣ የውጤት መዝገብና የወላጆች ስልክ ቁጥር በእጁ ነው። የታመመ ተማሪ ስም በክፍል ፊት ቢጠራ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላው ተማሪ ሕመሙን ደብቆ እንደሚመጣ ከኮሪያው ምሳሌ ተረድተናል።

ስለዚህ መረጃ የሚሰበስብ ማናቸውም አዲስ መሣሪያ ሲቀርብ፣ መምህራንም ሆኑ ተማሪዎች የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች እንዲጠይቁ እናሳስባለን።

ሀ. መረጃው የሚሰበሰበው ለየትኛው ሥራ ነው? ለሌላ ሥራ እንዳይውል የሚከለክል ሕግ አለ ወይ?
ለ. ለተባለው ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰበሰባል ወይ?
ሐ. መረጃውን የሚያየው ማን ነው?
መ. የሚደመሰሰው መቼ ነው? መደምሰሱንስ ማን ያረጋግጣል?
ሠ. አልፈልግም የሚል ሰው ምን ይደርስበታል?

መደምደሚያ

ሌላ ወረርሽኝ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚቀርቡት መሣሪያዎች አሁን ካየናቸው የበለጠ ረቂቅ እንደሚሆኑም አያጠራጥርም። ከላይ ያየናቸው አገሮች ታሪክ የሚያስተምረን፣ ለሕዝብ የተሰጠ ቃል ከመሣሪያው ብልቶች አንዱ መሆኑን ነው። ቃሉ ሲሰበር ብሉቱዙ ቢሠራም መሣሪያው ይበላሻል። ባለሥልጣን የሚችለውን ብቻ ቃል ሊገባ፣ ሕዝብም ጠይቆ ሊያምን ይገባል። መጠየቅን የሚያስተምረው ደግሞ ትምህርት ቤት ነው።

የክፍል ሥራና የመወያያ ጥያቄዎች

1. እያንዳንዱ ተማሪ በሦስት ቁራጭ ወረቀቶች ላይ ራሱ የመረጣቸውን ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይጻፍ፤ ቁጥሮቹንም በደብተሩ ይያዝ። ተማሪዎቹ ሦስት ጊዜ ቦታ እየቀያየሩ፣ በየጊዜው አጠገባቸው ከተቀመጠው ጋር አንዳንድ ወረቀት ይለዋወጡ። ከዚያም መምህሩ አንድ ተማሪ «ታሟል» ይበል፤ ይህ ለጨዋታ እንጂ ስለ እውነተኛ ሕመም መሆን የለበትም። የታመመው ተማሪ ቁጥሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፉ እያንዳንዱ የያዛቸውን ወረቀቶች ዐይቶ ራሱን ይለይ። ጨዋታው ከመምህሩ ዘንድ የስምና የቁጥር ዝርዝር ተይዞ ሁለተኛ ጊዜ ይደገም። መምህሩ በሁለተኛው ጊዜ ያወቀው፣ በመጀመሪያው ያላወቀው ነገር ምንድን ነው?

2. ከአንድ ክፍል ተማሪዎች 30 በመቶው ብቻ በጨዋታው ቢሳተፉ፣ በአጋጣሚ የተገናኙ ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም ተሳታፊዎች የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?

3. የሲንጋፖር ፖሊስ በነፍስ ግድያ ምርመራ መረጃውን መጠየቁ ተገቢ ነበርን? ቃሉ በመጀመሪያ በሌላ አኳኋን ተሰጥቶ ቢሆን መልሳችሁ ይለወጥ ነበርን?

4. በትምህርት ቤታችሁ ስለ ተማሪዎች የሚመዘገቡት መረጃዎች የትኞቹ ናቸው? አምስቱን ጥያቄዎች በእያንዳንዳቸው ላይ ጠይቁ።